የአሎንና የሎንሊ ሙግት

ያለፈው ቅዳሜ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ከገሳይ የተላከ አንድ ኩንታል ገብስ ልቀበል እንጂ ሰው ልቀበል አይደለም፤ ሰው መቀበል አልወድም። ሚኒባሶቹ ጭቃ እየረጩ ሲገቡና ሲወጡ ቆሜ ስራገም፣ ፀጉሩ ጥጥ የመሰለ ጃንጥላ የያዘ ሽማግሌ ፊቴ ተገተረና «የወፍጮው ሙሉነህ አይደለህም?» አለኝ። «ብሆንስ?» አልሁት። አላወቅሁትማ። ሰውየው ሳቀ፤ ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ መሀል ያለው ክፍተት ታየኝ። «ያ ሙግት ተፈረደ ወይስ እስከ ዛሬ በቀጠሮ ነው?» ሲለኝ ገብሱንም ረሳሁት፣ እርግማኑንም ረሳሁት። የድሮ አስተማሪዬ መምህር ደሳለኝ ነው። እዚህ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጅ አለችው፤ እሷን ሊጠይቅ ከሶዶ ድረስ መጥቶ ነው። ስንለያይ ልጅ እግር ነበር፣ አሁን እንደኔው አርጅቷል። «አርጅተሃል» አልሁት። «አንተስ ድሮም ሽማግሌ ነበርህ» አለኝ። ተቃቀፍን። እኔ ሰው የማቅፈው በዓመት አንዴ ነው፤ የዘንድሮውን በዚያው ጨረስሁት።

ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከወጣ፣ ሚስት አግብቼም ከፈታሁ በኋላ ነው። የተወለድሁት ጋፋት ነው። አባቴ ትምህርት ቤት የሚባለውን ነገር ከአንበጣ ለይቶ አያየውም ነበር፤ ሁለቱም መጥተው የሚወስዱበት ነገር እንዳለ ብቻ ነው የሚያውቀው። ካደግሁ በኋላ ደብረ ታቦር ገብቼ የወፍጮ ሞተር አስነሽ ሆንሁ። የንጉሥ መድፍ የተሠራበት ጋፋት የተወለደ ሰው ብረት አይፈራም እያልሁ እፎክር ነበር፤ ብረቱ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ግን እፈራት ነበር። የመዳፍ ያህል ቆርቆሮ ናት፣ የተጻፈችውም በእንግሊዝኛ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በጨርቅ ስወለውላት ኖርሁ። አንድ ቀን ሞተሩን ሊጠግን የመጣ መካኒክ ጎንበስ ብሎ አነበባትና «ዘይቱን መቼ እንደምትቀይር እኮ ነው የምትነግርህ፤ አንተ ጌጥ አድርገሃታል!» ብሎ ሳቀብኝ። የጎልማሶች ትምህርት የተመዘገብሁት ያን ሳቅ ይዤ ነው። ለእውቀት ፍቅር ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ለእልህ ነው።

ያኔ ደብረ ታቦር ዛሬ ባጃጅ የሚተራመስባት ደብረ ታቦር አይደለችም። መንገዱ ጠጠር ነው፤ አውቶብስ ሲገባ ከአቧራው በፊት የሚደርሰው ጥሩምባው ነው። አንድ ቁና እህል በስሙኒ እፈጭ ነበር፤ በዚያችው ስሙኒ ሻይ ከነዳቦው ይገኛል። ወንዱ ካኪ ሱሪና ኮንጎ ጫማ ያደርጋል፣ ሴቱ ፖፕሊን ቀሚስ። ሻይ ቤቶቹ ሬዲዮውን በር ላይ አስቀምጠው ስለሚያስጮኹት ከላይኛው ሰፈር የጀመረውን ዘፈን እየሰማህ እስከ ገበያው ትወርዳለህ፤ አንዱ ሻይ ቤት ሲያስተላልፍህ ሌላው ይቀበልሃል። ዛሬ ሁሉም ጆሮው ውስጥ ሽቦ ሰክቶ ለየብቻው ይሰማል። የሰፈራችን ጎረምሶች ሰላም ስላቸው እንኳ ሽቦውን አይነቅሉም። ይሁን። ትምህርታችን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ የእቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነበር። ጥቁር ሰሌዳውን የምናጠቁረው እኛው ነን፤ የሞተ የሬዲዮ ባትሪ ሰብረን የውስጡን ከሰል እንወቅጥና በቅጠል ጭማቂ ለውሰን እንቀባዋለን። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ሽቶ ብለው ቢሸጡት እገዛዋለሁ።

ሀያ የማንሞላ ሰዎች ነበርን። ሁለቱን ካወቃችሁ ይበቃል። አንዱ ቄስ ሞላ ናቸው። ግእዙን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ እንግሊዝኛ ሊማሩ የመጡት «ቤተ ክርስቲያን ሊያይ ከሚመጣ ፈረንጅ ጋር በእጄ ምልክት ማውራት ሰለቸኝ፤ እሱን ስባርክ የጠራሁት እየመሰለው ይጠጋኛል» ብለው ነው። ሁለተኛዋ አስናቀች ናት። አስናቀች የገሳይ ልጅ ናት፤ ባሏን ፈትታ ከተማ ገብታ የበግ ጠጉር እየፈተለች ባና፣ ማለት የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ትሸጣለች። ጣቶቿ ሥራ አይፈቱም፤ ስትማር እንኳ እንዝርቱ ጭኗ ላይ ይሾራል። መምህር ደሳለኝ መጀመሪያ ሰሞን ሊከለክላት ፈልጎ «አስናቀች፣ እዚህ ትምህርት ነው» ቢላት «እጄን አይደል እንዴ የያዝሁት፣ ጆሮዬን ለአንተ ትቼልሃለሁ» አለችው። ከዚያ በኋላ ተዋት።

መምህር ደሳለኝ እንግሊዝኛውን የሚያስተምረን ቃላት ጥንድ ጥንድ አድርጎ ነበር። ሉክና ሲ፤ ሁለቱም ማየት። ሂርና ሊስን፤ ሁለቱም መስማት። ጆብና ዎርክ፤ ሁለቱም ሥራ። «ይመሳሰላሉ፣ ግን አንድ አይደሉም» ይላል። እኛ ደግሞ አይገባንም። ሁለት ስም ያለው አንድ ነገር ነው፣ ፈረንጅ ቃል ተርፎት ነው ብለን ድርቅ አልን። አንድ ቅዳሜ መምህሩ ጠመኔውን ጥሎ ሊያለቅስ ሲደርስ ቄስ ሞላ ብድግ አሉ። «መምህር፣ እነዚህ ሁለቱ ቃላት ተጣልተው ነው። ድንበር ነው የተጣሉት። የድንበር ነገር ደግሞ በጠመኔ አያልቅም፤ ለየአንዳንዳቸው ሰው ይቁምላቸውና ይሟገቱ፣ እኔ እዳኛለሁ።» በአባቶቻችን ወግ፣ በተጠየቅ ሙግት ማለታቸው ነው። ተሟጋቹ ጋቢውን አጣፍቶ ዱላውን ይዞ ይቆማል፤ «ተጠየቅ!» ይላል፤ ያኛው «እጠየቃለሁ!» ይላል፤ ነገሩ ሲጦፍ «ማር እሰጥ!» «አገባ!» እየተባባሉ ይወራረዳሉ። ገበሬው፣ ጉልት ሻጩ፣ ዘበኛው ሁሉ ያን ቀን ነፍስ ዘራ። የቀበሌው ዘበኛ «በቅሎ እሰጥ!» ብሎ ጮኸ፤ እንኳን በቅሎ የበቅሎ ልጓም የለውም።

የመጀመሪያው ሙግት የሉክና የሲ ነበር። ለሉክ እኔ ቆምሁ፣ ለሲ አስናቀች። እንዝርቷን እንደ ዱላ ይዛ ተነሳች። «ተጠየቅ!» «እጠየቃለሁ!» «አያ ሙሉ፣ ሐሙስ ዕለት ወፍጮ ቤት መጥቼ እህሌን ከእጄ ተቀብለህ፣ ዱቄቴን በእጄ አልሰጠኸኝም?» «ሰጥቼሻለሁ።» «ዓይንህን ገልጠህ?» «ጨፍኜ አልፈጭም።» «ሉክ አድርገኸኛል ማለት ነው። የለበስሁት ቀሚስ ምን ዓይነት ነበር?» «ዱቄት የነካው» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ይኸውላችሁ! ሉክ አድርጎኛል፣ ሲ ግን አላደረገኝም!» ቄስ ሞላ ፈረዱላት፤ እኔም ተረትቼ አንድ ላዳን፣ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ፣ ቆሎ ለክፍሉ አመጣሁ። ቀሚሱ አረንጓዴ ነበር። አንገቱ ላይ ሦስት ነጭ ቁልፍ ነበረው፣ መሀለኛው ቁልፍ በሌላ ክር ተተክቷል። አልናገርም ብዬ ነው። በሂርና ሊስንም ረታችኝ፤ «ሞተር አጠገብ ውሎ ሂር የማያደርግ የለም፣ ሊስን ያደረገ ግን ይኸው አልተገኘም» ብላ ወደኔ ጠቆመች። እየተረታሁ ቅዳሜን መናፈቅ ጀመርሁ። ተረትቼ የማልናደድ ሰው እንዳልሆንሁ ሰፈሩ ያውቃል፤ በአስናቀች ሲሆን ግን ቁጣው ከየት እንደሚመጣ ጠፋብኝ።

እንዲህ እያልን ከርመን አንድ ቀን ወንድሟ ጥጋቡ ከገሳይ መልእክት ላከባት። ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ሰው ተገኝቶልሻል፣ ሰኞ በቅሎ ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን አዘጋጂ የሚል ነው። ወፍጮ ቤት መጥታ ነገረችኝ። ነገረችኝና ዱቄቷን ሳታነሳ ቆመች። ለምን ለኔ እንደነገረችኝ ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን «በሬ ያለው ሰው ጥሩ ነው፣ ሂጂ» አልኋት። «እሽ» አለች፣ ዱቄቷን ተሸክማ ወጣች። የበፊቷ ሚስቴ ትታኝ ስትሄድ «ከአንተ ጋር ከመኖር ከወፍጮው ጋር መኖር ይሻላል፣ እሱ ቢያንስ ድምፅ ያሰማል» ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሴት ቤቴ አትገባም ብዬ ምዬ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። መሐላዬን አከበርሁ። ያን ቀን የሁለት ሰዎች እህል ደባልቄ ፈጨሁ።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። አስናቀች ሰኞ እንደምትሄድ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል። መምህር ደሳለኝ አዲስ ጥንድ ጻፈ፤ አሎንና ሎንሊ። «አሎን ብቻውን ያለ ሰው ነው። ሎንሊ ብቻውን መሆኑ የከፋው ነው» አለ። ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሳሁ። «ለአሎን እኔ እቆማለሁ!» አስናቀችም እንዝርቷን አነሳች። «ለሎንሊ እኔ።» እኔ ቀጠልሁ፦ «ተጠየቂ!» «እጠየቃለሁ!» «ብቻዬን ስኖር አምስት ዓመቴ ነው። ሲርበኝ እበላለሁ፣ ሲደክመኝ እተኛለሁ፣ ለምን ዘገየህ የሚለኝ የለም። አሎን ጤና ነው። ሎንሊ የሚሉት የሥራ ፈት በሽታ ነው። ከዚህ ቃል ፈቀቅ ብል አንድ እንስራ ማር እሰጥ!» «አገባ!» አለች። «ተጠየቅ አያ ሙሉ!» «እጠየቃለሁ።» «ወፍጮ ቤትህ ስንት በርጩማ አለ?» «ሁለት።» «አንተ ስንት ነህ?» ክፍሉ ሳቀ። «አንዱ ለደንበኛ ነው» አልሁ። ይኼኔ ከኋላ አንዲት ጉልት ሻጭ ብድግ አለች፦ «ውሸት ነው አባ! እኔ ልቀመጥበት ብል ‹ተነሽ!› ብሎ አባሮኛል! የተቀመጠችበት እሷ ብቻ ናት!» ሁሉም ወደኔ ዞረ። ያችን በርጩማ አስናቀች ወፍጮ ቤት መምጣት በጀመረች ሰሞን በገዛ እጄ የጠረብኋት ናት። ይህን ግን በሙግት ላይ የሚናገር ሞኝ የለም። «ነገሩ ሌላ ነው!» እያልሁ መጮህ ጀመርሁ፤ እሷም ጮኸች፤ ዱላና እንዝርት ተማዘዝን።

መምህር ደሳለኝ ያን ሰሞን ከቄስ ሞላ ስለ ቁራኛ ሰምቶ ነበር። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይሄዱ ነበር፤ ያን ማለቴ ነው። መምህሩ የሰው አገር ልጅ ነውና ሊያስቀን ብሎ ከመሀላችን ገባና የኔን ጋቢ ጫፍ ከአስናቀች ነጠላ ጫፍ ጋር ሁለት ጊዜ አድርጎ ቋጠረው። «ይኸው ቁራኛ!» አለ፣ እየሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ፊታቸው ተለወጠ። ቄስ ሞላ ቋጠሮውን አዩት፣ እኛን አዩን፣ ጢማቸውን ዳሰሱ። «መምህር፣ ይህን ማሰር ቀላል ነው፤ የሚፈታው ግን የፈረደ ዳኛ ብቻ ነው» አሉ። ሊፈርዱ አፋቸውን ሲከፍቱ አንድ ሰውዬ በር ላይ «አባ፣ ማኅበርተኛው እርስዎን ብቻ ነው የሚጠብቀው!» ብሎ ተጣራ። ቄስ ሞላ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ተነሡ። «ስመለስ እፈርዳለሁ። እስከዚያው ቁራኛ ናችሁ፤ ቀድሞ የፈታ ተረታ!» ብለው ሄዱ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረችውን ነገር ያኔ አላየኋትም። ሉክ አደረግሁ እንጂ።

እኔ አልፈታም። እሷም አትፈታም። እኔ ደግሞ ወፍጮ ቤት መክፈት አለብኝ፤ የቅዳሜ ገበያተኛ እህሉን ይዞ በር ላይ ይሰለፋል። ተያይዘን ወጣን። ከትምህርት ቤት እስከ ወፍጮ ቤት ያለችውን መንገድ እንደዚያን ቀን ረዝማ አላየኋትም። ሻይ ቤቱ በር ላይ የተቀመጡት ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ቆሙ። «ምን አድርጋህ ነው የያዝሃት?» «እሱን አይደል እንዴ የያዘችው!» «አስናቀች፣ ሙክት ገዛሽ?» «ገዛሁ፣ ግን ይዋጋል!» አለች እሷ። እኔ ፈጠን ስል ነጠላዋ ይሳባል፣ እሷ ቆም ስትል ጋቢዬ ይወልቃል። እርምጃችን እኩል እስኪሆን ገበያው አለፈ። ያ በየሻይ ቤቱ የሚቀባበለው ዘፈንም አብሮን ወረደ። ከዚያ በፊት ግጥሙን አዳምጬው አላውቅም ነበር።

ወፍጮ ቤት ስንደርስ ሴቶቹ ተሰልፈዋል። «የት ቆየህ? ክፈት እንጂ!» ከፈትሁ። ሞተሩ በእጅ ተዞሮ የሚነሳበትን ብረት፣ ማኑቬላውን፣ አንስቼ ሞተሩ ላይ ሰካሁ። ጎንበስ ስል የአስናቀች ነጠላ ከጋቢዬ ጋር ተስቦ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው ላይ ዘፍ አለ። ልብሷ በቺንጋ ተይዞ የሞተች ሴት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሌላ ወፍጮ ቤት ነው፣ ብዙ ዓመቱ ነው። ማኑቬላውን መልሼ ነቀልሁት። «አስነሳዋ!» አሉ ከበር። «አላስነሳም» አልሁ። አስናቀች በቀስታ «ለምን?» አለችኝ። «ቺንጋው ነጠላሽን ይበላዋል።» «ጋቢህን አውልቀህ አስነሳ።» «ልብሱን ጥሎ የሄደ አመለጠ ይባላል። አላመልጥም።» «እንግዲያ ፍታውና አስነሳ።» «ከፈታሁ እረታለሁ።» «እሽ፣ ከነቋጠሮው አስነሳው። ነጠላ የሚበላ ቺንጋ ሰው አሎን ቢያደርግ አንተ ምን ቸገረህ? ጤና ነው አላልህም?» ማኑቬላውን መሬት ላይ ጣልሁት። ወደ ሴቶቹ ዞሬ «ዛሬ ወፍጮ የለም!» ብዬ ጮህሁ። እናቴ የሞተች ዕለት እንኳ ከቀብር መልስ የከፈትሁት ወፍጮ ነው። ስድቡ ዘነበብኝ፤ «የኛ እህል ለሷ ነጠላ?» «ወፍጮውን ሸጠህ ነጠላ ግዛላት!» አንዲት ባልቴት ግን ቁናዋን መሬት አስቀምጣ ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ አየችና «ተዉት፣ ሰውየው ተረትቷል» አለች፤ ከዚያ እልል አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ወፍጮ ቤት በእልልታ ሲናወጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አስናቀች በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ቋጠሮው መሀላችን ተንጠልጥሏል። «ሰኞ ወንድሜ ይመጣል» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሩ ነገር ይናገራል። እኔ የምናገረው ጥሩ ነገር ስላልነበረኝ ያለኝን ተናገርሁ። «ይምጣ። ዳኛ ሳይፈርድ ቁራኛ ካገር አይወጣም በይው።» ቀና አለች። እንዝርቷ ቆሟል። እንዝርቷ ሲቆም አይቼ አላውቅም ነበር። «እስኪፈረድ?» «እስኪፈረድ።» «ቄስ ሞላ ባይፈርዱስ?» «የሳቸው ጉዳይ ነው።» ሲመሽ ማንም ሳይፈታ የምንለያይበትን መላ ያመጣችው እሷ ናት፤ «እኩል ካወለቅን ያመለጠ የለም» አለች። እኔ ከጋቢዬ፣ እሷ ከነጠላዋ በአንድ ጊዜ ወጣንና ሁለቱን እንደተቋጠሩ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀልናቸው።

ሰኞ ጥጋቡ በቅሎውን እየሳበ ወፍጮ ቤት መጣ። ቁጡ ሰው ነው፣ ግን ሙግት ከምግብ ይበልጥበታል። ቋጠሮውን ሚስማር ላይ ሲያይ ቁጣውን ረስቶ እንደ ገበያ በሬ ዞሮ ዞሮ መረመረው። «ማን አሰረው?» «መምህሩ» አለች አስናቀች። «ዳኛው ማነው?» «ቄስ ሞላ።» «ፈርደዋል?» «ገና።» ቄስ ሞላ ተጠርተው መጡ። «አባ፣ ዋሱ ማነው?» አላቸው። «እኔው ነኝ።» «ዳኛ ዋስ ይሆናል እንዴ?» «ገሳይ አይሆን ይሆናል፣ ልጄ። እዚህ ይሆናል።» ጥጋቡ ጥቂት አሰበና «እንግዲያ በቀጠሮ ያለች ተሟጋች ይዤ አልሄድም፣ ነውር ነው» ብሎ ባዶ በቅሎውን እየነዳ ተመለሰ። በሠርጋችን ዕለት «ፍርዱስ አባ?» ብንላቸው «ለሌላ ቀጠሮ» አሉ። የመጀመሪያ ልጃችን ክርስትና ስትነሳም «ለሌላ ቀጠሮ።» አፈሩን ገለባ ያድርግላቸውና፣ እንደቀጠሩ ሄዱ።

ቅዳሜ ዕለት ይህን ሁሉ ለመምህር ደሳለኝ እየነገርሁ፣ ገብሱን ባጃጅ ላይ ጭነን ቤት ወሰድሁት። ከዚያ ሰኞ በኋላ ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ ስለነበር መጨረሻውን አያውቅም። አስናቀች በር ላይ ስታየው አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ «ጥርስህ እስከ ዛሬ አልገጠመም?» አለችው። አስገባነው። ቋጠሮው ግድግዳው ላይ ነው፤ ጋቢው አመድ መስሏል፣ የነጠላው ጥለት ለቋል፣ ብል በልቶታል፣ ቋጠሮው ግን እንደ ድንጋይ ጠንክሯል። ሰውየው ቆሞ አየው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «እኔ ለቀልድ ነበር እኮ ያሰርኋችሁ» አለ። «አንተ ለቀልድ ነው ያሰርኸው» አለች አስናቀች፣ «አያ ሙሉ ግን ቀልድ አያውቅም።» ነገሩ የሰውየውን ስሜት ነክቶት ነው መሰለኝ፣ «እንግዲያ ያሰርሁት እኔ ነኝና ዛሬ እኔው ልፍታችሁ» ብሎ እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ።

«እጅህን ሰብስብ!» ብለን ሁለታችንም ጮህንበት፣ እኩል፣ በአንድ ትንፋሽ። ደንግጦ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። እኔና አስናቀች ተያየን። ከተጋባን ጀምሮ በጨው ስንጨቃጨቅ፣ በልጆች ስም ስንጨቃጨቅ፣ በሬዲዮ ጣቢያ ስንጨቃጨቅ ነው የኖርነው፤ በአንድ ነገር በአንድ አፍ የተናገርንበት ሌላ ቀን አላስታውስም።